ለሐሙስ የታዘዘው ምስል

በነገሌ ቦረና ዋና መንገድ፣ ከመናኸሪያው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ መንገደኛ ሁሉ ሲደርስ ዓይኑን የሚሰብርበት አንድ መስኮት ነበር። ከበላዩ በተላላጠ ሰማያዊ ቀለም «በላይነህ ፎቶ ቤት» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ከመስታወቱ ኋላ አሥራ አንድ ፊቶች በጥቁርና ነጭ ተሰቅለው መንገዱን ይመለከታሉ፤ አንዲት ሙሽራ፣ ሁለት መቶ አለቆች፣ አንድ የግመል ነጋዴ፣ መንታ እኅትማማቾች፣ ሌሎችም። አሥራ አንዱም በሕይወት የሉም። መስኮቱን የሙታን ማደሪያ ላድርገው ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ምስሎቹ በተሰቀሉበት ዘመን ሁሉም ወጥተው የሚገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ዓመታቱ አንድ በአንድ ወሰዷቸው። በሕይወት የቀሩት ይህን ባስተዋሉ ጊዜ እየመጡ የየራሳቸውን ምስል አስወረዱ። ከዚያ ወዲህ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከመስኮቱ ሲቃረቡ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ከቄራው የሚመጡት አባ ኮዳዎች ብቻ፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች፣ ጣሪያው ላይ ቆመው ያለ ፍርሃት ያንቀላፋሉ።

የቤቱ ባለቤት ፍሬሰንበት የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። አባቱ ከጎጃም መጥቶ በጦር ሰፈሩ የኖረ ወታደር ነበር፤ ሙያውን ግን የተማረው ከአባቱ ጓደኛ ከጋሽ በላይነህ ነው። ጋሽ በላይነህ የክፍለ ጦሩ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሠራዊቱ ሲበተን ካሜራቸውን ይዘው እዚያው ነገሌ ቀሩ። ለአንድ ጉርድ ፎቶ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። «ሥራው ብርሃኑ ፊት ላይ እስኪቀመጥ መጠበቅ ነው» ይሉ ነበር። «መጫኑንማ ማንም ይጫናል።» ሲሞቱ ቤቱንም፣ ካሜራውንም፣ መጠበቁንም ለፍሬሰንበት ተዉለት።

ከዚያ ካሜራ ያለው ስልክ መጣ። ሰው ፊቱን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ሠርጉን የሙሽራው የአጎት ልጅ ያነሣል፤ የመታወቂያውን ቀበሌው በኮምፒዩተር ያነሣል፤ ምርቃቱንና ሽኝቱን ያየ ሁሉ ያነሣል። አንድ ፊት ላይ ሩብ ሰዓት የሚያጠፋ ሰው ቀስ በቀስ እንደ ሰነፍ ተቆጠረ። «እስከ መቼ ታስቀምጠኛለህ? በሞባይሌ ሰባት አነሣ ነበር» እያሉ ወንበሩን ትተው የወጡ ብዙ ናቸው። በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ፍሬሰንበት አንድ ሕያው ፊት ካነሣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ሙያው ጨርሶ ያልጠፋው በአንድ ነገር ብቻ ነው። በከተማው ሰው ሲሞት በለቅሶው ድንኳን መግቢያ ላይ ትልቅ ምስሉ በፍሬም ይቆማል። የስልክ ፎቶ ደግሞ ሲጎላ ይበተናል፤ ዓይኑ ዓይን መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ለሕያው ስልኩ ሲበቃ፣ ለሟች የፍሬሰንበት እጅ ተፈለገ። ሐዘንተኛው ትንሽ ጉርድ ፎቶ በፖስታ ይዞ ይመጣል፤ ፍሬሰንበት ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ማን እንደ ሞተ፣ እንዴት እንደ ሞተ አይጠይቅም። «ሐዘንተኛን ሁለተኛ አታስነግረው፤ ምስሉ ራሱ ይነግርሃል» ብለው ያስተማሩት ጋሽ በላይነህ ናቸው። ከዚያ ጉርዱን በካሜራው ዳግም ያነሣና ነጌቲቩ ላይ፣ ብርሃንና ጥላው በተገለበጠበት ፊልም ላይ፣ በቀጭን እርሳስ ይሠራል። የግንባሩን መስመር፣ የዓይኑን ሥር ድካም፣ የቆየውን ጠባሳ እያለሰለሰ ፊቱን ያሳርፈዋል። ያረፈ ፊት፤ ምንም የማይፈልግ ፊት። ነገሩ እየተለመደ ሄዶ ከዚህ ቤት ትልቅ ምስል ማዘዝና ሞት አንድ ሆኑ።

ጎረቤቱ ዩኑስ ግን ዘመኑን ያወቀበት ሰው ነው። ከስልክ ላይ ምስል ተቀብሎ፣ ከኋላው የዱባይን ፎቅ ወይም ፏፏቴ ጨምሮ በደቂቃ ያትማል። ሻይ የሚጠጡት አብረው ነው።

«እኔና አንተ የያዝነው ሥራ አንድ ነው» ይለዋል ዩኑስ። «ልዩነቱ፣ የእኔ ደንበኛ ካላማረበት ተመልሶ ይሰድበኛል። የአንተ ግን፣ ማሻአላህ፣ አንድም ቀን ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም።»

«አንተም አንድ ቀን ትመጣለህ።»

«እኔን በስልክ አንሣኝ በቃ። ደብዝዤ ልቅር።»

*

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ልጃገረድ ለነርስ ኮሌጅ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ልትነሣ መጥታ በዚያ ወንበር ተቀምጣለች። ስሟ ኑኃሚን ነው። አባቷ አቶ ፀጋአብ ከሆሳዕና መጥተው፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅት ሥር የሚተዳደረውን ክሊኒክ ሃያ ሰባት ዓመት የመሩ፣ በከተማው የተከበሩ የወንጌላውያን ሽማግሌ ናቸው። ፍሬሰንበት እንደ ልማዱ ጠበቀ። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ዐሥር አለፈ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለችው።

«አንቺን።»

«መጥቻለሁ እኮ።»

«ገና ነሽ።»

ልትቆጣ ስትል ሳቋ ቀደማት። ሳቁ ከአፏ ጠፍቶ ዓይኗ ውስጥ በቀረባት ቅጽበት ተጫነ። ነገራቸው የጀመረው ከዚያ ነው።

አሁን ኑኃሚን ፊልቱ ውስጥ ለአርብቶ አደሩ ልጆች ክትባት ትሰጣለች። ስልኩ ሳምንት ሠርቶ ሳምንት ስለሚጠፋ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ የክሊኒኩ ሾፌር ዶዮ፣ ጥቂት የሚናገር የቦረና ሰው፣ በኪሱ እየያዘ ያመላልሳል። ፍሬሰንበት መልስ የሚሰጠው በፎቶግራፍ ነው። የአባቷን ቤት በር፣ የኒም ዛፉን ጥላ፣ አቧራ ያነሣውን ነፋስ እያነሣ ይልክላታል፤ ከጀርባው አንድ መስመር ይጽፋል፣ አንዳንዴም እሱን ይተወዋል። ፍቅሩን የሚናገርበት አፍ የለውም ነበር። በዚያ ላይ እሱ የኦርቶዶክስ ልጅ ነው፤ እሷ የወንጌላውያን ሽማግሌ ልጅ። አቶ ፀጋአብም አንድ ቀን በማዕድ ላይ የተናገሩት ቃል በሰው በሰው ደርሶታል፦ «ዛሬ ፎቶ ማንሣት ሥራ ነው እንዴ? የቤት ሠራተኛችን እንኳ ታነሣለች።»

የመጨረሻዋ ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በፊት መጣች።

«ፍሬ፣ ዓመት ሙሉ የላክህልኝ ፎቶዎች ግድግዳዬን ሞልተውታል። እወዳቸዋለሁ። ግን በአንዳቸውም ውስጥ አንተ የለህም። ከእንግዲህ ምስል አትላክልኝ፤ ድምፅህን ነው የምፈልገው። አባቴ ፊት ቆመህ ስሜን ጥራና ጠይቀው። እምቢ ቢልህ እንኳ፣ ስለ እኔ እምቢ የተባለ ሰው አለ ብዬ እቆማለሁ። ዝም ካልክ ግን በምን ላይ ልቁም?»

ደብዳቤዋን ብዙ ጊዜ አነበባት። የአቶ ፀጋአብ ቤት በር ድረስ ሄዶ የተመለሰበት ቀን ነበር። ሄዶ የተመለሰበት ሁለተኛ ቀንም ነበር። ከዚያ ደብዳቤዋን በነጌቲቮቹ ሣጥን ውስጥ፣ ከኑኃሚን ነጌቲቭ አጠገብ አስቀመጣትና ዝም አለ። ዝምታው ፎቶ እንደሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ሞቀው፤ ሲሞቀውም አፈረ።

*

ሰኞ ዕለት ዩኑስ ከሻይ ቤት ወሬ ይዞ መጣ። በፊልቱ መንገድ መኪና ተገልብጧል፤ ሁለት ሰው ሞቷል።

«የጤና ሰዎች ናቸው አሉ» አለ ዩኑስ፤ እንደ ወትሮው አልቀለደም።

ፍሬሰንበት የኑኃሚንን ቁጥር ደወለ። መስመሩ ከዓርብ ጀምሮ ተቋርጧል። ማታም ደወለ፤ ሲነጋም ደወለ።

ማክሰኞ ጠዋት ዶዮ በፎቶ ቤቱ በር ቆመ። ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሷል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አካም፣ ፍሬ።»

«አካም፣ ዶዮ።»

ዶዮ ከደረት ኪሱ ፖስታ አወጣ። «አቶ ፀጋአብ ላኩ። ትልቅ ይሁን አሉ፣ በፍሬም። ለሐሙስ። ሰው ብዙ ይመጣል።»

ፍሬሰንበት ከወንበሩ ተነሣ፤ እንደ ልማዱ በሁለት እጁ ተቀበለ። ፖስታውን ከፈተው። ከአራት ዓመት በፊት ራሱ ያነሣው ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ሳቁ ዓይኗ ውስጥ አለ።

ዶዮ የሚናገረው ነገር ያለው ይመስል ጥቂት ቆመ። ዓመት ሙሉ ደብዳቤዎቻቸውን የተሸከመ ሰው ነው፤ የፍሬሰንበትን ፊት ማየት አልቻለም። ትከሻውን በከባድ እጁ ያዘው። «አይዞህ» አለና ወጣ።

ፍሬሰንበት አልጠየቀም። ስንቱን ሐዘንተኛ ሳይጠይቅ የሸኘ ሰው፣ ራሱ ሐዘንተኛ ሲሆንም መጠየቁን አልቻለበትም። ከቀትር በኋላ በመስኮቱ ሲመለከት አንድ የአህያ ጋሪ የድንኳን ምሰሶና ሸራ ጭኖ ወደ ክሊኒኩ ሰፈር ሲያልፍ አየ። ያን ጊዜ በልቡ የቀረችው ትንሽ ጥርጣሬ ጠፋች።

ለቅሶ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ግን በምን ስሙ ይሂድ? የሟች ምኗ ነኝ ብሎ ይቀመጥ? አባቷ ፊት አንድ ቀን ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ እምቢ የተባለ ሰው ሆኖ እንኳ ማልቀስ ይችል ነበር። ያንን መብት በዝምታው አጥቶታል። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። መስኮቱን ጋረደ፤ የጨለማውን ክፍል በር ከውስጥ ዘጋ።

ማክሰኞንና ረቡዕን ነጌቲቯ ላይ ሠራ። በግራ ቅንድቧ በላይ ከልጅነቷ የቀረ ጠባሳ አለ፤ እርሳሱን እዚያ ሲያደርስ እጁ ቆመ። ጠባሳውን ይወደው ነበር። ነገር ግን ሥራው ሥራ ነው፤ ለሌሎቹ ያደረገውን ለእሷ አይነፍጋትም። በጥንቃቄ አለሰለሰው። የዓይኗን ሳቅም አስተኛው። ሲጨርስ ከሠራቸው ፊቶች ሁሉ እንዲህ ያረፈ እንዳልነበረ ዐወቀ፤ ማወቁም አስፈራው።

*

ሐሙስ ቀትር ላይ ነበር። ከውጭ ፀሐይ ቆርቆሮውን እያስጮኸች ነው፤ የጨለማው ክፍል ውስጥ ግን ከአንዲት ቀይ መብራት በቀር ብርሃን የለም። ትልቁን ወረቀት ምስል በሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ አጠለቀው። መጀመሪያ ዓይኖቿ መጡ፤ ሁልጊዜ ዓይን ይቀድማል። ከዚያ ቅንድቧ፣ ከናፍሯ፣ አንገቷ፣ ከውኃ ሥር እንደሚነሣ ሰው ቀስ እያለች መጣች።

ጋሽ በላይነህ በሕይወታቸው ማብቂያ ላይ አንድ ነገር ነግረውት ነበር። የሰው የመጨረሻ ምስሉ ሲታጠብ ሟቹ ራሱ ሊያየው ይመጣል፤ በር ላይ ይቆማል፤ ምስሉ ወረቀቱ ላይ ሳይጸና ብርሃን ያጠፋዋልና በር አይከፈትለትም። ያን ጊዜ የሽማግሌ ጨዋታ አድርጎ ነበር የወሰደው። አሁን ግን የጀርባው ቆዳ ወደ በሩ ያዳምጥ ነበር።

«ኑኃሚን» አላት ወረቀት ላይ ላለችው። የገዛ ድምፁ እንግዳ ሆነበት። «ሁለት ጊዜ በራችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። ያልገባሁት አባትሽን ፈርቼ አይደለም። ያንቺን ሕይወት የሚያክል ነገር የምጠይቅበት ምን አለኝ ብዬ ነው። ከተማው ሁሉ ሥራህ ከንቱ ነው ሲለኝ ከርሞ እኔም አምኜው ነበር። አንቺ ብቻ አላመንሽም። እወድሻለሁ። ፎቶው ጀርባ ላይ መጻፍ የነበረብኝ ይህ ነው፤ ዓመት ሙሉ ሌላ ሌላውን ጻፍኩ።»

ከበሩ ውጭ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ፍሬ» አለ ድምፅ።

የእሷ ድምፅ ነው። ፍሬሰንበት አልጮኸም። እጁ የለመደውን አልተወም፤ ወረቀቱን ከአንዱ የመድኃኒት ሳህን ወደ ሌላው አሻገረ።

«ቆይ» አለ በሹክሹክታ። «ገና አልጸናሽም። በሩን ከከፈትኩ ትጠፊያለሽ።»

ከዚያ ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን ቀረብ ብሎ፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ። «አልጠፋም። ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

ጠበቀችው። መድኃኒቱ ምስሉን እስኪያጸናው ድረስ ሁለቱ በአንድ ሳንቃ በር ግራና ቀኝ ቆመው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሰማ። እየቆየ ፍሬሰንበት የሙት ትንፋሽ እንዲህ እንደማይቆራረጥ፣ ሙት እንባውን እንደማይውጥ ልብ አለ። መወርወሪያውን ሳበ።

የቀትር ብርሃን ገባ። ኑኃሚን በመካከሉ ቆማለች። ጫማዋ የፊልቱን ቀይ አቧራ እንደ ያዘ ነው። ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ ሳያደርሰው መለሰው።

«ስትናገር ሰማሁ» አለችው። «ሁሉንም።»

«ሞተሻል።»

«ማን አለህ?»

«አባትሽ ትልቅ ምስል አዘዙ። መኪና ተገልብጧል አሉ። ድንኳን ሲሄድ አየሁ።»

ኑኃሚን ዓይኗን ጨፈነች። የተገለበጠው መኪና የሌላ ድርጅት ነው፤ ሙታኑን ያጠበችው እሷ ናት። «ድንኳኑ ለቅዳሜ ነው። ከሐዋሳ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ቀለበት ሊያስሩልኝ። ምስሉም በድንኳኑ መግቢያ ሊቆም ነው፤ አሁን አሁን በቀለበትም ላይ ፎቶ ማቆም ፋሽን ሆኗል።»

ፍሬሰንበት በሕይወት መኖሯን በሰማበት ጆሮ ወዲያው ይህንን ሰማ። ደስታውና ሐዘኑ አንድ ላይ ሲመጡበት ግድግዳውን ተደገፈ።

እሷ ግን አልፋው ወደ ሳህኑ ሄደች። ከውኃው ሥር ያለውን ፊት ቁልቁል ተመለከተች። ስትናገር ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር።

«ሁለት ቀን ሙሉ ሞታለች ብለህ አምነህ፣ እዚህ ተቀምጠህ ይህን ሠራህ።»

«ምን ላድርግ?»

«ትመጣ ነበራ። ቤታችን እኮ ከዚህ የአንድ ሲጋራ መንገድ ነው። ሰው የሚወደው ሲሞት እየጮኸ ይሮጣል፤ ሬሳው የት ነው ይላል። አንተ እርሳስ ቀረጽክ።»

«በምን ስሜ ልምጣ? ማን ብለው ያስቀምጡኝ ነበር?»

«እሱን ነው በደብዳቤ የጠየቅኩህ። ሦስት ሳምንት በሕይወት ተቀምጬ ጠበቅኩህ። ያልከኝን ሁሉ ለሞተች ሴት ነው ያልከው።» እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ጠብ አለ፤ ምስሉ ተንቀጠቀጠ። «ፎቶውን ተቀብዬ ልሄድ ነበር የመጣሁት። ቀለበቱን ልቀበል ወስኜ ነበር።»

«አሁንስ?»

ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

«የሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ አለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ማንም ግን እንዲህ አላየኝም። አንዲት ጸጉር አልሳትክም። ቆንጆ ናት፤ እንዲህ ቆንጆ አይደለሁም። ግን ፍሬ፣ ይህች ሴት ምንም አትፈልግም። ቀለበት ብትሰጣት ትወስዳለች፤ ባትሰጣትም ዝም ትላለች። እኔ እፈልጋለሁ።»

ያን ጊዜ ፍሬሰንበት የሠራውን አየ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውን ማሳረፍ ብቻ ሲሠራ ኖሮ፣ በሕይወት ያለን ፊት እንዴት እንደሚያይ እጁ ረስቶት ነበር። ከከተማው የከፋ ነገር በራሱ ሥራ ላይ ያደረገው ራሱ ነበር።

«ፍሬም አድርግና አንተው አምጣው» አለችው። «በዶዮ እጅ አይደለም። በአንተ እጅ፣ ከእኔ ጋር፣ አሁን።»

*

የለቅሶ ምስል ሲያደርስ በነጭ ጨርቅ ይሸፍነው ነበር። ዛሬ አልሸፈነውም። ፍሬሙን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጎ ወጣ፤ ኑኃሚን ከጎኑ ሄደች።

በመንገዱ ዳር በጥላ የተቀመጡ ሰዎች ፍሬሰንበትን ከነፍሬሙ ሲያዩ እንደ ደንቡ ተነሡ፤ ኮፍያ ያደረገ አወለቀ። ከዚያ ዓይናቸውን ከምስሉ ላይ ሲያነሡ የምስሉ ባለቤት ከአጠገቡ ስትራመድ አዩ። አንዲት ሴት የያዘችውን የቲማቲም ፌስታል ለቀቀች። ዩኑስ ከሱቁ በር ስልኩን ከፍ አድርጎ ነበር፤ ሳይጫን ዝቅ አደረገው። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገሌ ሰው በፍሬሰንበት ሥራ ላይ ዓይኑን አሳረፈ፤ ከወረቀቱ ወደ ሴቲቱ፣ ከሴቲቱ ወደ ወረቀቱ፣ የትኛዋ እንደምትተነፍስ ለመለየት የሚሻ ይመስል።

በትር የያዙ አንድ የቦረና ሽማግሌ መንገዱን አቋርጠው ኑኃሚን ፊት ቆሙ።

«ናጋ ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ?» አሏት። ሰላም ነሽ ወይ ልጄ የሚለው የዘወትር ሰላምታ ነው፤ ሽማግሌው ግን እውነተኛ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጠየቋት።

«ናጋ፣ አባ» አለች። «ናጋ።»

እሳቸው እጇን ዳብሰው፣ ሙቀቷን አረጋግጠው አሳለፏቸው።

በአቶ ፀጋአብ ግቢ ሁለት ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ። አቶ ፀጋአብ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸውን አዩ፤ ፍሬሰንበትን አዩ፤ በመጨረሻ ምስሉን አዩ። ስንቱን ዓይን በገዛ ጣታቸው የከደኑ ሰው ናቸው። የፊታቸው ቀለም ተለወጠ።

«ልጄን ማን ገደላት?» አሉ በቀስታ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ትልቅ ምስል ሲያዝዙ ሞታለች ብዬ ሠራሁት። ከቤቴ የሚወጣው ሁሉ የሟች ነው።»

አቶ ፀጋአብ የበረንዳውን ምሰሶ ያዙ። «እንድታውቅ ብዬ ነው ያዘዝኩህ። የእናንተን ነገር አላጣሁትም። ራሴ ልነግርህ ሁለት ጊዜ በደጅህ አለፍኩ፤ መስኮትህን ሳይ ቃል ይጠፋኛል። ፎቶዋን ብልክለት ይገባዋል አልኩ።»

«ገባኝ። የገባኝ ግን ሌላ ነው።»

«ያለ ሽማግሌ ነው የመጣኸው?»

«የማውቃቸው ሽማግሌዎች መስኮቴ ላይ ናቸው።»

ድንኳን ከሚተክሉት አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠ። ፍሬሰንበት ፍሬሙን የበረንዳው ወንበር ላይ አቆመው። እጁ ባዶ ሲሆን የሚደበቅበት አጣ።

«ጋሼ፣ ከማክሰኞ እስከ ዛሬ ኑኃሚን የሞተችበት ሰው ሆኜ ኖሬአለሁ። ድንኳን ሳልገባ፣ ማን ነህ የሚለኝ ሳይኖር። ምን እንደሚመስል ዐውቀዋለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ያንኑ ሰው ሁን አይበሉኝ። ኑኃሚንን እወዳታለሁ። ይስጡኝ።»



«ሃይማኖቱስ?» አሉ አቶ ፀጋአብ። «ሥራውስ? ማን ያሠራሃል ዛሬ?»

«ስለ ሃይማኖቱ ተቀምጠን እንነጋገራለን። ስለ ሥራው አልዋሽዎትም፤ ሰው ትቶታል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የሟች ምስል አልሠራም። ምን እንደምበላ አላውቅም።»

«የእኔን ደመወዝ» አለች ኑኃሚን።

አባቷ ሊቆጧት ቃጡና ተዉት። ወደ ምስሉ ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ቆዩ። ፍሬሰንበት ቆሞ ሲቆጥረው የኖረውን ያን ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ።

«ስልኬ ውስጥ ሁለት መቶ ፎቶዋ አለ» አሉ በመጨረሻ። «አገጯ የእናቷ እንደ ሆነ ግን ዛሬ ነው ያየሁት።» ወደ ፍሬሰንበት ቀና አሉ። «እንዲህ አድርገህ እንዴት አየሃት?»

«ጠብቄ ነው፣ ጋሼ።»

አቶ ፀጋአብ ፍሬሙን በገዛ እጃቸው ወደ ግድግዳው አዞሩት።

«እሺ አላልኩህም» አሉ፣ ወደ እሱ ሳይዞሩ። «ለሐዋሳ ሰዎች ግን ዛሬውኑ እደውላለሁ። ይህን አይቼ ቅዳሜ ቀለበት ላስርላት አልችልም።» ወደ ቤት ገቡ፤ ድንኳን ተካዮቹ ገመዱን እንደ ያዙ ቀሩ።

ኑኃሚን እጇን ወደ ፍሬሰንበት እጅ ሰደደች። መዳፏ ትኩስ ነው፤ ላብ ይዞታል፤ አንጓዋ ላይ ደሟ ሲመታ ይሰማዋል። ባለፉት ሁለት ቀናት የነበረበት ሐዘን እንጂ ፍርሃት አልነበረም፤ የሞተ ሰው ሁለተኛ አይጠፋም። ይህች ግን ትጠፋለች። የፊልቱ መንገድ አለ፣ የቆላው ወባ አለ፣ ነገ ተነሥታ የምትቆጣው ቁጣ አለ። በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ ፍርሃቱ እንዲለቀው ግን አልፈለገም።